በበረዶ ባሕር ዳር ለሕፃናት ስለሚነገር ተረት

ከካናዳ ዋና ከተማ ከኦታዋ ተነሥተን ሦስት ሰዓት ያህል ወደ ሰሜን በአይሮፕላን ከበረርን በኋላ ኢቃሉት ከምትባል ከተማ ደረስን። ይህች ከተማ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የኑናቩት ግዛት መቀመጫ ናት፤ ከሌላው የካናዳ ክፍል ጋር የሚያገናኛት የመኪና መንገድ የለም። የአገሩም ተወላጆች ኢኑዊት ይባላሉ። ወሩ ሚያዝያ ሲሆን ባሕሩ ገና በረዶ ነበረና ሰው እንደ ሜዳ ይመላለስበታል። ስለ ቍሩ ብዙ አንናገርም፤ ጆሯችን እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣን በባሕሩ ዳር ያየነው ስንጥቅ ነው። በዚያ ወሽመጥ ውሃው በየቀኑ ሁለት ጊዜ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ልዩነቱም ከ10 ሜትር የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ውሃው ሲነሣና ሲወርድ በላዩ የረጋው በረዶ በዳርቻው ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁንም ዐመዳይ ሸፍኖት ደኅና መሬት ይመስላል። ሕፃን እግሩን ቢያሳርፍበት ግን የሚያወጣው አይገኝም።

እንግዲህ የኢኑዊት ሽማግሎችና እናቶች አውሬያቸውን ያኖሩት ከዚሁ ስንጥቅ ሥር ነው። ስሟ ቃሉፒሉክ ይባላል። ሰው መሳይ ስትሆን ጠጕሯም ጥፍሯም ረጅም ነው። ከበረዶው በታች ሆና ታንጐራጕራለች፤ ብቻውን ወደ ዳር የመጣውን ልጅ ይዛ በአማውቲዋ ከትታ ወደ ጥልቁ ትወርዳለች። አማውቲ ማለት የአገሩ ሴት ልጇን በጀርባዋ የምታዝልበት፣ ሰፊ ኪስ አብሮ የተሰፋበት ካፖርት ነው፤ አገልግሎቱም እንደ አንቀልባችን ነው። አንባቢ ሆይ፥ ልብ ይበሉ፤ አውሬዪቱ ልጅን የምትሰርቅበት፣ ልጅ ከሁሉ አብልጦ በሚታመንበት በእናት ማዘያ ነው። ከዚህ የበለጠ የሚያስደነግጥ ነገር ማሰብ ያዳግተናል።

ሌላው ማሃሃ ነው። ቀጭን፣ መልኩ እንደ በረዶ ሰማያዊ፣ በዚያ ብርድ ባዶ እግሩን የሚዞር፣ ሣቅ ከአፉ የማይለይ ፍጡር ነው። ያገኘውን ሰው በረጃጅም ጣቶቹ እየኰረኰረ ይገድላል፤ የሟቹም ፊት እንደሣቀ ይቀራል። ነገር ግን ሞኝ ነው። አስቀድሞ ከበረዶው ጕድጓድ ውሃ እንዲጠጣ ሲያባብሉት ያጐነብሳል፤ ያን ጊዜ ገፍተው ይጥሉታል፥ ውሃውም ይዞት ይሄዳል። ልጆች ከዚህ ላይ ሲደርሱ ይሥቃሉ፤ እኛም ሥቀናል።

በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ግን ብዙ የኢኑዊት ልጆች ከወላጆቻቸው ተነጥለው ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ተወሰዱ፤ በቋንቋቸው በመናገራቸው የተቀጡም ብዙዎች ናቸው። የካናዳ መንግሥት ስለዚህ ነገር በ2008 ዓ.ም. ይቅርታ ጠይቋል። እኛም ከቤታችን ርቀን በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስለ ተማርን፣ የመጀመሪያዋ ሌሊት እንዴት ዝም ያለች እንደ ነበረች አንረሳትም። ተረቱ የሚነገረው በማታ፣ የሚነግረውም ወላጅ ነበረና ልጁ ሲወሰድ የስንጥቁን ጠባቂ ማን ይንገረው? ከነዚያ ልጆች አንዱ የነበረው ማይክል ኩሱጋክ ካደገ በኋላ በ1988 ዓ.ም. ከደራሲው ከሮበርት መንሽ ጋር ስለ ቃሉፒሉክ የሕፃናት መጽሐፍ አወጣ። በ2006 ዓ.ም. በኢቃሉት የተቋቋመው ኢንሀቢት ሚዲያ የተባለው አሳታሚም እንዲህ ያሉትን ተረቶች በኢኑክቲቱት ቋንቋና በእንግሊዝኛ ያወጣል። አንዱን ገልጠን ስናይ ፊደሉ አስደነቀን፤ አንዱ ፊደል ወደ ላይ ወይም ወደ ጐን ሲዞር ድምፁ ይለወጣልና፣ ካዕብና ሣልስ እየቈጠረ ላደገ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም።

ከመሄዳችን አስቀድሞ ባለው ማታ፣ ከተቀበሉን ሰው ልጅ ጋር በባሕሩ ላይ ስንመላለስ ሳናስተውል ወደ ዳር ተጠጋን። ስድስት ዓመት ያህል የሚሆነው ይህ ልጅ እጃችንን ይዞ ወደ ኋላ ሳበን። ጆሮውን ወደ በረዶው አዘንብሎ ጥቂት ቆመ፤ ከዚያም በዙሪያው ባለው መንገድ መራን።