የውሪት ዐይኖች

እናቴ ስታርፍ ከቤቷ የወረስኩት ሕያው ነገር ድመቷን ብቻ ነበር። ስሟ ውሪት ነው፤ አሥራ አራት ዓመት ሆኗታል። ካለፈው ክረምት ወዲህ የዐይኖቿ ብሌን እየሰፋ መጣ። የድመት ብሌን በቀትር ብርሃን እንደ ክር ይቀጥናል፤ የእሷ ግን ፀሐይ ላይ ተጋድማ እንኳ ክብና ጥቁር ነበር። እኔም «ስታረጅ ይበልጥ አማረባት» እያልኩ እንግዳ በመጣ ቁጥር አሳያት ነበር። የደነገጥኩት አንድ ጠዋት ከወንበር እግር ጋር ስትጋጭ ሳያት ነው።

የእንስሳት ሐኪሙ ውስጡን ለማየት በሁለቱም ዐይኖቿ ጠብታ አደረገላት። ወዲያው አፏ አረፋ ደፈቀ። የመረዟት መስሎኝ ጮኽኩ። «አይዞዎት፤ ጠብታው በእንባ ቧንቧ ወደ አፍንጫና ወደ አፍ ይወርዳል፤ መራራ ስለሆነባት ነው» አለኝ። ጠብታው እስኪሠራ ስንጠብቅም አጫወተኝ፦ ብሌንን የሚያጠበውን ጡንቻ እንደሚያላላው፣ የወፎች ጡንቻ ግን ከእጅና ከእግር ጡንቻ ጋር ስለሚመሳሰል ይኸው ጠብታ እንደማይረታው።

እኔ ግን የሌላ ድመት ታሪክ ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1819 ፍሪድሊብ ሩንገ የተባለ ወጣት ጀርመናዊ ኬሚስት የቤላዶና ተክል ጭማቂ የድመትን ብሌን እንዴት እንደሚያሰፋ ለባለቅኔው ለጎተ አሳይቶት ነበር። ጎተም ተደንቆ ጥቂት የቡና ፍሬ ሰጠውና «መርምረው» አለው፤ ሩንገ ካፌይንን ለይቶ ያወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቤላዶና በጣልያንኛ «ቆንጆ ሴት» ማለት ነው፤ የጥንት ወይዛዝርት ብሌናቸው ሰፍቶ እንዲያምርላቸው ይጠቀሙበት ነበርና። በውስጡ ያለው አትሮፒን በየአጥራችን ሥር በሚበቅለው አስተናግርም ውስጥ ይገኛል። ወይዛዝርቱ ለተመልካች ሲያምሩ እነርሱ ራሳቸው አጥርተው አያዩም ነበር።

ሐኪሙ መብራቱን አጥፍቶ በትንሽ ባትሪ ወደ ውስጥ ተመለከተ። ዝም አለ። ከዚያም እኔን ጠርቶ አሳየኝ፤ ከብሌኗ በስተጀርባ እንደ ተሸበሸበ መጋረጃ ያለ ነገር። «ሬቲናዋ ተላቋል። የደም ግፊት ነው፤ በአረጁ ድመቶች ላይ ይታያል። ቀደም ብለው ቢያመጧት ኖሮ…» ብሎ ሳይጨርሰው ተወው።

ያን ቀን ማታ ውሪት አልጋ ሥር ገባች። የተከፈተው ብሌኗ እስኪመለስ ብርሃን እንዳያስቸግራት ብዬ መጋረጃውን ዘጋሁ። ከዘጋሁት በኋላ ነው ለማን እንደዘጋሁት ያሰብኩት።

የታዘዘላት ክኒን አምሎዲፒን ነው፤ እናቴ ትውጠው የነበረው። የእናቴንም ግፊት ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ስደውልላት «ደኅና ነኝ፣ አታስብ» ትለኝ ነበር። ድምፅዋ ያምር ነበርና አመንኳት።