ተቀጽላ ያልሆነው እንግዳ

በካፋና በኢሉባቡር ደኖች፣ በዋንዛና በሰሳ ጥላ ሥር የበቀለ ቡና ከመለቀሙ አስቀድሞ ይጸዳል፡፡ ገበሬው ገጀራውን ይዞ ቁጥቋጦውን ይመነጥራል፤ ከቡናው ቅርንጫፍ ላይም የዛፍ ሽበቱንና የተጣበቀውን ቅጠል ሁሉ ፍቆ ይጥላል፡፡ ከሚጣለው መካከል አንዱ ኦርኪድ ነው፡፡ የሚፈረድበትም በስም ስሕተት፣ «ተቀጽላ» ተብሎ ነው፡፡

ተቀጽላስ በእርግጥ ሌባ ነው፤ ሥሩን በዛፉ አካል ውስጥ ሰድዶ ውኃውን ይመጥጣል፡፡ ኦርኪድ ግን ከዛፉ የሚሻው መቀመጫ ብቻ ነው፡፡ ነጣ ያለው ሥሩ በቅርፊቱ ላይ ይሳባል እንጂ ቅርፊቱን አይበሳም፤ ሰፍነግ በመሰለው ልባሱ የዝናቡን ውኃ ይይዛል፤ ምግቡንም በገዛ ቅጠሉ ያዘጋጃል፡፡ እንግዳ ነው እንጂ ሌባ አይደለም፡፡

ከነዚህ እንግዶች አንዱ ኤራንጊስ ብራኪካርፓ ይባላል፡፡ ፈረንሳዊው የዕፅዋት ሊቅ አሺል ሪሻር በ19ኛው መቶ ዓመት ለሳይንስ ያስተዋወቀው ከኢትዮጵያ በተሰበሰበ ናሙና ነበር፡፡ መለያው ኮከብ የመሰለ ነጭ አበባውና ከአበባው ጀርባ የሚንጠለጠል፣ ከ12 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ቀጭን የወለላ ቱቦ ነው፡፡ መዓዛውን የሚሰጠው ሲመሽ ነው፤ የሚጠብቀው ረጅም ምላስ ያለውን የእሳት ራት ነውና፡፡

ሌሎቹ በደጋው መስክ ላይ የሚበቅሉ ናቸው፡፡ ሳቲሪየም በአበባው ጀርባ ሁለት ቱቦ ሲኖረው፣ ሀቤናሪያ አንድ ብቻ አለው፡፡ በክረምት ያብባሉ፤ በበጋ ከአፈር በታች ባለ ድንች መሰል ሥራቸው ተሸሽገው ይከርማሉ፡፡ በጥር ያለፈ መንገደኛ መስኩን ባዶ ነው ቢል አይፈረድበትም፤ ባዶ ነው ተብሎ የታረሰ መስክ ግን በክረምት አያብብም፡፡

ሰብስቤ ደምሰውና ሁለት የውጭ አገር ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት የመስክ መምሪያ የኢትዮጵያ ኦርኪዶች በዝርዝር ቀርበዋል፤ ዝርያዎቹ ከ160 በላይ ናቸው፡፡ መጽሐፉ ግን በእንግሊዝኛ ነው፤ ገጀራውን የያዘው ሰው አያነበውም፡፡

ገበሬውን መውቀስም ተገቢ አይደለም፡፡ ከዚያ ቅርንጫፍ የሚጠብቀው የልጆቹን ልብስና ደብተር ነው፡፡ ቡናውን ሲያጸዳ የጥላ ዛፉን ቢተውለት እንኳ ለእንግዳው ብዙ ነው፤ አሮጌው ሰሳ በቅርፊቱ ላይ ሊያስተናግደው ይችላል፡፡ አሮጌው ዛፍ ከተቆረጠ ግን ነገሩ ይከብዳል፡፡ የኦርኪድ ዘር እንደ ትቢያ የደቀቀ፣ ስንቅ ያልያዘ ነው፤ የሚመግበውን ፈንገስ ካላገኘ አይበቅልም፤ እንደ ጤፍ ተዘርቶ በዓመቱ አይታጨድም፡፡

እንግዲህ የጎደለው ስም ነው፡፡ መምህሩ ተማሪዎቹን ይዞ ከአንድ የጥላ ዛፍ ሥር ቢቆምና ተቀጽላውን ከኦርኪዱ ለይቶ ቢያሳይ፣ ሠዓሊው ያንን ነጭ ኮከብ በሸራው ላይ ቢያሰፍር፣ ማታ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ልጅ ለአባቱ የሚነግረው አንድ ቃል ያገኛል፡፡ «አባባ፣ እሱስ ሌባ አይደለም» ይላል፡፡ ገጀራው ለአፍታ የሚቆመው ያን ጊዜ ነው፡፡