ሁለት ቤት

ደብረ ብርሃን አማርኛ ሳስተምር፣ በኅዳር ውርጭ የደነዘዘ ጣት ብዕር እንዲጨብጥ ማድረግ ቀላል አልነበረም። ከተማዋ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በማለዳው ክፍለ ጊዜ ተማሪዎቼ እጃቸውን በእስትንፋሳቸው ያሞቁ ነበር። እኔ ደግሞ ሰሌዳው ላይ «የትምህርት ጥቅም» ብዬ ጽፌ የሁለት ገጽ ድርሰት አዛለሁ። ስልሳ ደብተር ሲሰበሰብ፣ ስልሳውም አንድ ድርሰት ነው። «ትምህርት ማለት» ብሎ ይጀምራል፤ ሀገር አሳድጎ ይጨርሳል። እውነቱን ለመናገር፣ ከመጻፉ ይልቅ ማረሙ ይሰለቻል።

አንድ ቀን ርእሱን ተውኩት። «ዛሬ ከቤት ስትወጡ ያያችሁትን ጻፉ። አምስት ደቂቃ፣ ሁለት ዐረፍተ ነገር። ‹ብርድ› የምትለው ቃል ግን እንዳትገባ!» አልኳቸው። ተሳሳቁ፤ ያለ ብርድ ምን ደብረ ብርሃን አለ? ቀጥሎ ክፍሉ ጸጥ አለ።

ከአንኮበር መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ፣ ከእናቱ የተላከለት በሶ ማለቁንና ከረጢቱን አራግፎ መውጣቱን ጻፈ። ከኋላ የምትቀመጥ፣ ድምፅዋን ሰምቼ የማላውቅ ልጅ ደግሞ እንዲህ አለች፤ «የአባቴን ጋቢ ዛሬ ወንድሜ ለበሰው። እናቴ ሀዘኗን ላለማሳየት ወደ እሳቱ ዞረች።»

እኔስ ምን አደረግሁ? በቀይ ብዕር «ሀ»ዋን ከብቤ ከላይዋ «ሐ» ጻፍኩ። ሌላ አንድም ቃል አልጨመርኩላትም።

በሳምንቱ ስሟንና ቀኑን ብቻ የያዘ ወረቀት ሰጠችኝ።

ቅዳሜ ዘመድ ጥየቃ አንኮበር ስሄድ ይህንኑ ለአንድ የቅኔ መምህር አጫወትኳቸው። ወዳጄ አንባቢ፣ የቅኔ ቤትን ሥርዓት ሳታውቀው አትቀርም፤ ጀማሪ ስምንት ቤት ያለው መወድስ አይታዘዝም፤ መነሻው ሁለት ቤት ብቻ ያለው ጉባኤ ቃና ነው። ተማሪው ለብቻው ተቀምጦ ይቆጥራል፤ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያቃናል። አጭሩን መልመጃ እኔ የፈጠርኩት መስሎኝ ነበር!

የኔታ አዳምጠውኝ ሲያበቁ፣ «ልጄ፣ ከማቃናትህ በፊት ሰምተሃታል?» አሉኝ።

ሰኞ ቀዩን ብዕር ቤት ትቼው ሄድኩ። ሁለቱን ዐረፍተ ነገር የሚሹ እየተነሡ እንዲያነቡ፣ እኛም እንድናዳምጥ ተስማማን፤ እርማቱ ለሌላ ቀን። የበሶው ልጅ በየሳምንቱ ያስቀን ጀመር። አንዳንዱ አምስት ደቂቃው አልበቃ ብሎት በእረፍት ሰዓት ይቀጥላል። አንዳንዱ ደግሞ እስከ መጨረሻው አልወደደውም፤ አልደብቅም።

እሷ አራት ሳምንት ባዶ ወረቀት ሰጠችኝ። በአምስተኛው፣ ሌሎቹ ሲያስረክቡ አቀርቅራ ትጽፍ ነበር። ገጹ ሊሞላ ተቃርቧል። ድንገት ቀና አለች።

«ቲቸር፣ ሐዘን በሐመሩ ሐ ነበር አይደል?»

«አዎ፣ በሐመሩ» አልኳት።