የጥቅምት ማዕድ በጮሌ

መስቀልና ኢሬቻ አልፈው አደይ አበባው መሳሳት ሲጀምር፣ በምሥራቅ አርሲ ደጋ በጮሌ የባቄላው እሸት ይደርሳል፤ ገብሱም ራሱን ማጎንበስ ይጀምራል። በዚህ ወቅት፣ ከጥቅምት እሑዶች በአንዱ፣ በልጅነታችን አብረን የተማርን ስድስት ሴቶች በየዓመቱ ተራ በተራ እየደገስን እንገናኛለን። ሁለቱ አስተማሪዎች፣ አንዷ ነርስ፣ አንዷ ነጋዴ፣ አንዷ የቤት እመቤት ናቸው። እኔ ደግሞ ከአዲስ አበባ እሄዳለሁ። ሦስቱ ሙስሊሞች ሲሆኑ፣ እኔን ጨምሮ ሦስታችን ክርስቲያኖች ነን።

የአርሲን ኑሮ የምታውቅ አንባቢ ወዲያው የምትጠይቀው ጥያቄ አለ፤ ሥጋው በማን ይታረዳል? ቀደም ሲል ሁለት ድስት ይጣድ፣ ሁለት ገበታ ይቀርብ ነበር። ታዲያ ገበታው ለሁለት ሲከፈል ጨዋታውም ለሁለት ይከፈላል። በዚያ ላይ ከክርስቲያኖቹ አንዷ የጽጌን ጾም ስለምትጾም፣ ለእርሷ ሦስተኛ ድስት ያስፈልግ ነበር። ለአስተናጋጇ ይህ ድግስ ሳይሆን ቅጣት ነው!

ነገሩን የለወጠው ግን ሌላ ነው። ነጋዴዋ ጓደኛችን የስኳር በሽታ ተገኝቶባት ሁለት ዓመት በተከታታይ ቀረች። ምክንያቷን ስንጠይቃት፣ «ሰው ሁሉ ሲበላ ይኼ አይፈቀድልኝም እያሉ መቀመጥ ከሕመሙ ይብሳል» አለችን። ከዚያ ወዲህ ሥጋውን ተውነውና ስድስታችንም በአንድነት የምንበላውን ምግብ ፍለጋ ገባን። ፍለጋው ሩቅ አልወሰደንም። እናቶቻችን ያሳደጉን ገብስ እዚያው ጎተራ ውስጥ ነበር።

በ1960ዎቹ ዓ.ም. ጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በስዊድን እርዳታ አሰላ ላይ ተቋቁሞ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ካስፋፋ ወዲህ፣ አርሲ በይበልጥ የሚታወቀው በስንዴ ነው። ገብሱም ቢሆን ከፊሉ ለቢራ ብቅል ይሄዳል። ለከተማ ሴት ገብስ ማለት ቆሎ ብቻ እየሆነ መምጣቱ በበኩሌ ያሳዝነኛል። ገብስ ቤታ ግሉካን የሚባል በውሃ የሚሟሟ አሰር አለው። ይህ አሰር በሆድ ውስጥ እየወፈረ ምግቡ ቀስ ብሎ እንዲፈጭ ስለሚያደርግ፣ ስኳር ወደ ደም የሚገባው በዝግታ ነው። በቀን 3 ግራም ያህል ቤታ ግሉካን ማግኘት መጥፎውን ኮሌስትሮል እንደሚቀንስም በጥናት ተረጋግጧል። ነርሷ ግን ዘወትር እንደምታስጠነቅቀን፣ ገብስ ነው ተብሎ ሁለት ሳህን አይበላም፤ መድኃኒትም አይቋረጥም።

ቅንጬውን የምንሠራው ብዙ ካልተፈተገ ገብስ ነው። ለአንድ ብርጭቆ የገብስ ክክ ሦስት ብርጭቆ ውሃ ይበቃል። ማታውን ከተዘፈዘፈ ቶሎ ይበስላል፤ ማገዶም ይቆጥባል። ዋናው ዘዴ ቅቤውን ከድስቱ ውስጥ አለመጨመር ነው። የተነጠረ ቅቤ በአንድ ጽዋ፣ ዘይት በሽንኩርትና በጥቁር አዝሙድ ተቁላልቶ በሌላ ጽዋ ለብቻ ይቀርባል፤ የምትጾመውም፣ የምትፈስከውም፣ ልቧን የምትጠብቀውም ከአንድ ድስት ይወጣላቸዋል። እንዲህ ቀላል ሆኖ ሳለ ስንት ዓመት ሦስት ድስት ታጠበ!

የባቄላውን እሸት ከነልጡ ቀቅለን በሰፌድ እናቀርበዋለን። እየፈለፈሉ መብላት እጅ ስለሚያዘገይ ወሬውም ይረዝማል። ጎመኑን መጀመሪያ አጥበን በኋላ እንከትፈዋለን እንጂ፣ ከትፈን አናጥበውም። የተቀቀለበትን ውሃም አንደፋውም፤ ከቫይታሚኑ ብዙው የሚሄደው ከዚያ ውሃ ጋር ነው። ድንቹና ካሮቱ ለብ ባለ ዘይት፣ እርጎው ለሚፈስኩት፤ ስለ እነዚህ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ጨው ግን ልብ በሉልኝ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይመክራል፤ ይኸውም የሻይ ማንኪያ አንዱ ቢበዛ ነው። አዮዲን ያለውን ጨው ገዝታችሁ ድስቱ ሊወጣ ሲል ጨምሩ፤ ለረጅም ጊዜ ከፈላ አዮዲኑ ይቀንሳል።

ባለፈው ጥቅምት የቤት እመቤቷ ጓደኛችን ነፍሰ ጡር ስለነበረች በቡናው ላይ ክርክር ተነሣ። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ በባቄላና በጎመን ያለውን የብረት ማዕድን ሰውነት እንዳይወስደው ይከለክላሉ፤ ሎሚና ቃሪያ ደግሞ ይረዱታል። እንግዳ ያለ ቡና ማስቀመጥ በጮሌ ነውር ነው። በመጨረሻ ጎመኑ ላይ ሎሚ ተጨመቀበት፣ ረከቦቱም ገበታው ከተነሣ ከአንድ ሰዓት በኋላ እንዲቀርብ ተስማማን። በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ የስንቱ ትዳር እንደተነሣና እንደወደቀ አልጽፍም።

ሳይፈታ የቀረው የጩኮው ጉዳይ ነው። በቅመም ቅቤ የሚታሸው የተቆላ ገብስ ዱቄት ከአርሲ ድግስ ከቀረ ድግሱ ድግስ አይባልም፤ በሌላ በኩል ከገበታው ሁሉ ቅቤ የሚበዛበት እርሱ ነው። ነርሷ ለአራት ብርጭቆ ዱቄት አንድ ብርጭቆ ቅቤ ብላ ለክታ፣ ለእያንዳንዳችን የእንቁላል ግማሽ የምታህል ድርሻ አወጣች። ለጿሚዋ በሶ በኑግ ዘይት ታሽቶ ቀረበላት። የአስተናጋጇ እናት ይህን ሁሉ ዝም ብለው ሲመለከቱ ቆዩና፣ «ልጆቼ፣ ይኼ ጩኮ አይደለም፤ የታመመ ዱቄት ነው» አሉ። ተሳሳቅንና አለፈ።

ማታ ስንለያይ ግን ከበሩ ላይ ቆመው፣ ነጋዴዋን በምርቃት፣ ሌሎቻችንን ደግሞ በላስቲክ በተጠቀለለ፣ ቅቤው ጣት ላይ በሚቀር ጩኮ ሸኙን። ነርሷ የራሷን ተቀብላ ጉልበታቸውን ሳመች። የእኔን በማግስቱ መኪና ውስጥ ከጎኔ ለተቀመጡ አባት አካፍዬ፣ አዳማ ሳንደርስ አለቀ።