አንድ ስም፣ ሁለት ባች

ዛሬ ስለ ባሩድ ላወራችሁ ነው። ሰውየው ሸፈተ እንዴ እንዳትሉኝ፤ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

እዚህ ኮሎራዶ ጡረታ የወጣ ጎረቤት አለኝ። መስከረምና ጥቅምት ሲመጣ ኤልክ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን ያድናል። ጥይቱን ራሱ ነው የሚሞላው። የተተኮሰውን ቀለህ ሰብስቦ ያጸዳል፣ አዲስ መለኮሻ ይገጥምለታል፣ ባሩዱን ለክቶ ይጨምርና አረሩን ይተክልበታል። ኬሚስትሪ አስተማሪ እንደነበርኩ ሲሰማ ጋራዡ አስገባኝ። ይኸው አራት ዓመታችን።

መለኪያው ግሬን ይባላል። አንድ ግራም ከ15 ግሬን ትንሽ ይበልጣል። እኛ እስከ ግሬን አንድ አሥረኛ ድረስ ነው የምንለካው። ሚዛን ላይ እኔን የሚያህል የለም ብዬ ነበር።

ባለፈው ዓመት ባሩዱ አለቀና ሌላ ገዛን። ያው ፋብሪካ፣ ያው ስም። የተለየው በትንሹ የታተመው የባች ቁጥር ብቻ ነው። ጎረቤቴ ቁጥሩን ደብተሩ ላይ ጻፈና "መጠኑን ቀንሰን እንደ አዲስ እንጀምር" አለ። እኔ ግን "ያው አይደል እንዴ!" ብዬ አምስት ጥይት በድሮው ልክ ሞላሁ። የድሮው ልክ ደግሞ ድሮውንም ወደ ጣሪያው የተጠጋ ነበር።

ተኩስ ሜዳ ሄድን። የፍጥነት መለኪያው በፊት በሰከንድ 850 ሜትር አካባቢ ነበር የሚያሳየን። አሁን 867 አለ። ሦስተኛው ላይ የጠመንጃው ማቀባበያ አልነሳ አለኝ። በግድ አወጣነው። የመለኮሻዋ ጠርዝ ተደፍጥጧል። ግፊቱ ከልክ አልፏል ማለት ነው። ሰውየው ምንም አልተናገረኝም። የቀሩትን ሁለት ጥይቶች ከእጄ ተቀብሎ ኪሱ ከተታቸው። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዘመኑ ጭስ አልባ ባሩድ መሠረቱ ናይትሮሴሉሎስ ነው፤ ከጥጥ ወይም ከእንጨት ይሠራል። የናይትሮጅኑ መጠን፣ የፍሬው ቅርጽ፣ መንደዱን የሚያዘገየው ሽፋን፣ የያዘው እርጥበት፣ እነዚህ ሁሉ ከባች ባች ትንሽ ትንሽ ይለያያሉ። ሲደርቅ ቶሎ ይነድዳል። ፋብሪካው ልዩነቱን ለማጥበብ አንዱን ከሌላው ይቀይጣል፤ ቢሆንም የሚወጣው ተቀራራቢ እንጂ አንድ ዓይነት አይደለም። ሚዛን ደግሞ ክብደቱን እንጂ እንዴት እንደሚነድድ አይነግራችሁም። ስለዚህ የዚህ ሥራ ሰዎች የባች ቁጥር ይመዘግባሉ፣ ሁለት ባች በአንድ ዕቃ አይደባልቁም፣ ባች ሲቀየር ከመቶ አሥር ያህል ቀንሰው ቀስ እያሉ ይወጣሉ።

ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ "ባች" የሚለው ቃል ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። እኛ አገር ባች ተማሪ ነዋ!

የ94 ባች 11ኛ ክፍል ሞልን እንደ ውኃ ነበር የጠጡት። በዓመቱ ያንኑ ማስታወሻ፣ ያንኑ ፈተና ለ95ቶች ሰጠሁ። ግማሽ ያህሉ ወደቁ። ክፍል ገብቼ "ሰነፎች" አልኳቸው። አንዷን ልጅ ስሟን ጠርቼ ውጤቷን አነበብኩ። ከዚያ ቀን በኋላ እጇን አውጥታ አታውቅም። ሰኔ ላይ ነው የሰማሁት፤ 10ኛ ክፍል ሳሉ ግማሹን ዓመት የኬሚስትሪ አስተማሪ አልነበራቸውም ለካ።

ዝቅ ብዬ መጀመር ነበረብኝ። አልጠየቅኩም።

95ቶች፣ እዚህ ካላችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ። አንቺም እህቴ፣ ይህን ካነበብሽ፣ ጥፋቱ የኔ ነበር። አሁን የምታስተምሩ ደግሞ አደራ፣ መስከረም ላይ መጀመሪያ ጠይቋቸው።