እግረ ደረቅ

በወጣቶች የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናታችን ላይ ፊት ለፊት ለመጠየቅ የሚያሳፍር ጥያቄ ያለው ሁሉ በወረቀት ጽፎ ሳጥን ውስጥ እንዲከት ከፈቀድን ወዲህ ብዙ ነገር አንብቤአለሁ። ስለ ፍቅር ጓደኝነት፣ ስለ ሥራ ማጣት፣ ጸሎት መልስ ሲያጣ ስለሚሰማው ድካም። ባለፈው ወር ግን አንዲት ብጣሽ ወረቀት ወጣችና ክፍሉ በሳቅ ሞላ። «የቼልሲ 9 ቁጥር ማሊያ በእውነት የተረገመ ነው? ከሆነስ በጸሎት ይሰበራል?» ትላለች። አብዝተው የሳቁት፣ እንደተለመደው፣ አርሰናሎች ናቸው።

እኔም ስቄ ላልፈው ነበር። ከኋላ ወንበር አንዱ ልጅ ግን «ጋሼ፣ ቀልድ አይደለም፤ አሰልጣኙ ራሱ ብሎታል እኮ» አለኝ። ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ነሐሴ አካባቢ ቶማስ ቱኼል ቁጥሩ የተረገመ ነው እንደሚባልና ሊነካው የሚፈልግ እንደሌለ ለጋዜጠኞች ተናግሮ ነበር። ሳምንታት ሳይቆዩ ኦባሜያንግ መጥቶ ለበሰው፤ በሊጉ አንድ ጎል ብቻ አግብቶ ሄደ።

ዝርዝሩን ኳስ የሚከታተል ሁሉ በቃሉ ይወጣዋል። ማቴያ ኬዝማን ከሆላንድ በጎል ብዛት ስሙ ገኖ መጣና በሊጉ አራት አገባ። ፈርናንዶ ቶሬስ እ.ኤ.አ. በ2011 ጥር መጨረሻ በ50 ሚሊዮን ፓውንድ ከሊቨርፑል ተገዛ፤ የመጀመሪያ ጎሉን ለማየት እስከ ሚያዝያ ጠበቅን። ፋልካኦ አንድ ጎል። ሞራታ አንድ ዓመት ለብሶት በሁለተኛው ዓመት ቁጥሩን ወደ 29 ቀየረ። ሉካኩ ወደ 100 ሚሊዮን ፓውንድ በሚጠጋ ዋጋ ተመልሶ በሊጉ ስምንት ብቻ አግብቶ በውሰት ወጣ። በዚህ ላይ ቡላሩዝና ሲድዌል ይጨመራሉ።

እስቲ ቀረብ ብለን እንየው አልኳቸው። ቡላሩዝ ተከላካይ ነው። ሲድዌል አማካይ ነው። እነዚህ ጎል አላገቡም ብሎ እርግማን መቁጠር ዶሮዋ አልታለበችም ብሎ እንደ ማዘን ነው። ቶሬስ ከመሸጡ በፊት በነበረው ዓመት ጉልበቱ ሁለት ጊዜ በቀዶ ሕክምና ታክሟል። ፋልካኦ የጉልበቱ ጅማት ተበጥሶ የ2014ቱ የዓለም ዋንጫ አምልጦታል፤ ለንደን የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። ደግሞም አጥቂ ውድ ዋጋ የሚያወጣው ከሁሉ የበለጠ ባገባበት ዓመት ማግስት ነው። ከተራራ ጫፍ ላይ የገዛኸው ሰው ቀጣዩ እርምጃው ወዴት ሊሆን ነው? ቁልቁል ነዋ። ያገቡትን ደግሞ የሚቆጥር የለም። ጂሚ ፍሎይድ ሃሰልባይንክ በዚሁ ቁጥር 23 ጎል አግብቶ እ.ኤ.አ. በ2001 የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆኗል። ታሚ አብርሃም በ2019/20 በሊጉ 15 አግብቷል። እነሱን ስንቆጥር እርግማኑ ስለሚበላሽብን እንዘላቸዋለን።

ወደ ጸሎቱ ጥያቄ ስንመጣ ትንሽ ተቆጣሁ መሰለኝ። እኛ ጨሌ አናስርም፣ ጠንቋይ ደጅ አንረግጥም እንላለን። ኳስ ሲጀመር ግን ያቺው ወንበር፣ ያቺው ያልታጠበች ማሊያ፤ አንዱ «ዛሬ እንሸነፋለን» ሲል «አታሟርት፣ በኢየሱስ ስም!» የምንለው እኛው ነን። መንፈሳዊውን ዓለም አልክድም፤ መጽሐፍ ቅዱስም እርግማንን እንደ ተረት አያየውም። ባላቅ ግን በለዓምን በገንዘብ ቀጥሮ እስራኤልን ሊያስረግም ከኮረብታ ወደ ኮረብታ ቢያዞረውም አልሆነለትም። ገላትያ ምዕራፍ 3 ላይ ደግሞ ክርስቶስ ስለ እኛ እርግማን ሆኖ ዋጀን ይላል። ይህ የተጻፈለት ሕዝብ በጨርቅ ላይ በታተመ ቁጥር ሲርበደበድ ያስቃል።

የማሊያውስ ነገር ቀላል ነው። ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ጨርቅ አያለቅስም። ነገሩ የሚከብደው ስሙ ከጨርቁ ወደ ሰውየው ሲተላለፍ ነው። ስለዚህ አንድ በረኛ ነገርኳቸው።

ሞአሲር ባርቦሳ ይባላል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 16 ቀን 1950 ማራካኛ ስታዲየም ወደ 200 ሺህ የሚጠጋ ሰው ታጭቆ ብራዚል ከኡራጓይ ተጫወተች። ብራዚል የዓለም ዋንጫውን ለመውሰድ አቻ መውጣት ይበቃታል፤ ከእረፍት መልስ እንዲያውም ቀድማ አገባች። ኡራጓይ አቻ አደረገች። ከዚያ በ79ኛው ደቂቃ ጊጂያ በቀኝ መስመር ገባ። ለመጀመሪያው ጎል ኳሷን ያሻገረው እሱ ነበርና ባርቦሳ አሁንም ያሻግራል ብሎ አንድ እርምጃ ከግቡ ወጣ አለ። ጊጂያ በባርቦሳና በቅርቡ ቋሚ መካከል ባለችው ክፍተት መታት። ሁለት ለአንድ።

ያቺ አንድ እርምጃ ናት። ባርቦሳ ከዚያ በፊት ከቫስኮ ዳ ጋማ ጋር የደቡብ አሜሪካን የክለቦች ዋንጫ የበላ፣ በ1949 ከብራዚል ጋር የአህጉሩን ዋንጫ ያነሳ በረኛ ነበር። ያ ሁሉ ተረሳ። ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ሱቅ ውስጥ አንዲት እናት ለልጇ ብራዚልን በሙሉ ያስለቀሰው ሰውዬ ይህ ነው ብላ በጣቷ እንዳሳየችው ራሱ ተናግሯል። በ1993፣ ሽማግሌ ሆኖ፣ ብሔራዊ ቡድኑ ልምምድ የሚያደርግበት ቦታ ልጆቹን ሊያበረታታ ቢሄድ፣ ገዳቸውን እንዳያበላሽ ተብሎ እንዳይገባ ተደረገ። በ2000 ሞተ። በብራዚል ትልቁ የእስራት ቅጣት 30 ዓመት ነው፤ እኔ ግን ባልሠራሁት ወንጀል ሃምሳ ዓመት ከፍያለሁ ማለቱ ይነገራል። ጥቁር በረኛ አይታመንም የሚለው ወሬም ከእሱ ወዲህ እዚያ አገር ለብዙ ዓመታት ተናፍሷል።

ብራዚሎች ገደ ቢስ ነው የሚሉትን ሰው «ፔ ፍሪዩ» ይሉታል፤ ቀዝቃዛ እግር ማለት ነው። ይህን ስነግራቸው አንዲት ልጅ ወዲያው «እግረ ደረቅ!» አለች። ሁሉም ሳቀ። እኔ መሳቅ አቃተኝ፤ ሰዓቱን አይቼ በጸሎት ልዝጋ አልኩ።

ከመዝጋቴ በፊት ግን ያ የኋላ ወንበሩ ልጅ እጁን አወጣ። «ጋሼ፣ ዮናስስ? እሱ መርከቡ ላይ ባይኖር ማዕበሉ አይነሳም ነበር። እሱ እግረ ደረቅ አይደለም?» ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የተዘጋጀ መልስ አልነበረኝም። ዮናስ ከጌታ ፊት እየሸሸ መሆኑን ራሱ ያውቅ ነበር፣ ራሱም ተናግሯል፣ በሰው ላይ የተለጠፈ ወሬ አይደለም አልኩት። አልረካም። እኔም አልረካሁም። ቤቴ ገብቼ ምዕራፉን ደግሜ ሳነብ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ታሪክ ውስጥ ልብ ብዬው የማላውቀው ቁጥር 13 ላይ ቆምኩ። ዕጣው በዮናስ ላይ ወድቋል፤ ራሱም ወደ ባሕር ጣሉኝ ብሏቸዋል። እነዚያ አምላኩን የማያውቁ መርከበኞች ግን አልጣሉትም። መጀመሪያ ወደ ምድር ሊመልሱት አጥብቀው ቀዘፉ።

እኛ አልቀዘፍንም።

ግንቦት 11 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ማታ ነው። ግቢ ተማሪዎች ነበርን። ከፌሎሺፕ ልጆች ስምንት ሆነን ከግቢው ፊት ለፊት ያለው ዲኤስቲቪ ቤት ገባን። ሙኒክ ላይ፣ በባየርን በራሱ ሜዳ፣ የቻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ። ከመካከላችን አንዱን «እግረ ደረቅ» እንለዋለን። እንዴት እንደተጀመረ በደንብ አላስታውስም፤ አብሮን ያያቸው ሁለት ሦስት ጨዋታዎች ላይ ስለተሸነፍን ይመስለኛል። ዝምተኛ ልጅ ነው። እሑድ ጠዋት ከሁላችንም ቀድሞ ደርሶ የአዳራሹን ወንበር የሚደረድረው እሱ ነው።

በ83ኛው ደቂቃ ቶማስ ሙለር በግንባሩ ገጨና ኳሷ መሬት ነጥራ ቼክን አልፋ ገባች። ቤቱ ጸጥ አለ። አንዱ ዞር ብሎ አየው። ከዚያ ሌላው። «አንተ እያለህ እኮ አይሆንም» አለ አንዱ እየሳቀ። «በጌታ ውጣልን፤ ሰባት ደቂቃ እኮ ነው የቀረው» ያልኩት እኔ ነኝ። በጌታ ብዬ።

ፈገግ አለ። ጃኬቱን አነሳና በጉልበቶቻችን መካከል እየተሹለከለከ ወጣ። በ88ኛው ደቂቃ ድሮግባ አገባ።

ቤቱ ምን እንደሆነ ለመናገር ቃል የለኝም። ተቃቅፈን ወለሉ ላይ ነበርን። ያ ልጅ ጩኸቱን ሰምቶ በሩን ገርበብ ሲያደርገው ሁላችንም በአንድ ድምፅ «እንዳትገባ!» አልን። ዘጋው። ሠላሳ ደቂቃ ተጨማሪ ሰዓት። ቼክ የሮበንን ፍጹም ቅጣት ምት ሲያድን «አላልኳችሁም!» አለ አንዱ ወደ በሩ እየጠቆመ። ከዚያ የመለያ ምቶቹ፤ የሽዋይንሽታይገር ምት ብረት መታ፣ ድሮግባ የመጨረሻውን አገባ። ስንወጣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት አልፏል፤ ያካፋል። በር ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘነው።

«እንኳን ደስ አላችሁ» አለን።

«አላችሁ» ነው ያለው። እሱም የቼልሲ ደጋፊ ነው።

በማግስቱ እሑድ አዳራሹ ስንደርስ ወንበሮቹ ተደርድረው ነበር። ኳስ ግን ከዚያ ወዲህ አብሮን አላየም። እኛም አልጠራነውም፤ እውነቱን ለመናገር ባለመምጣቱ ቀለል ብሎን ነበር።

ከጥናቱ በኋላ ባሉት ቀናት ያን ጨዋታ በዩቲዩብ ፈልጌ ደግሜ አየሁት። እኛ ልጁን ስናስወጣ ሜዳው ላይ ምን እየሆነ እንደነበር አላስታውስም ነበር። ሙለር እንዳገባ ቼልሲ ተጫዋች ቀየረ፤ የገባው ቶሬስ ነው፣ 9 ቁጥር። ድሮግባ የገጨውን ኮርነር ያስገኘው እሱ ነው። ባየርን በዚያ ሌሊት ሃያ ኮርነር መታ፤ ቼልሲ አንድ። ያቺን አንዷን።

ባለፈው ሳምንት ስልኩን አፈላልጌ ደወልኩለት። ትዳር ይዞ ሁለት ልጆች አሉት፤ ክፍለ ሀገር ያስተምራል። ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ኑሮ ውድነት ተጨዋወትን። በመጨረሻ የመጣሁበትን ተናገርኩ።

«ያን የሙኒኩን ማታ ታስታውሳለህ?»

ዝም አለ። ከዚያ ሳቀ። «አሸነፋችሁ አይደል እንዴ?»

ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የደወልኩት አልኩት። ተወው ሊለኝ ጀምሮ መለሰው። «ወንድሜ፣ ያንን ስም እኮ እናንተ አይደላችሁም ያወጣችሁልኝ» አለኝ። በተወለደ በአርባ ቀኑ አባቱ ሞተ። አያቱ «ገፊ» ትለው ነበር፤ አባቱን የገፋ። ላም ስትወልድ በረት እንዳይገባ፣ አንድ ሰው መንገድ ሲነሳ ከፊቱ እንዳይቆም እየተከለከለ ነው ያደገው። «ጌታን ያገኘሁ ጊዜ መጀመሪያ ከላዬ የወረደልኝ ያ ነበር። ከዚያ ግቢ መጣሁና፣ እናንተ ደግሞ...» አልጨረሰውም። ከጀርባ የልጅ ድምፅ ይሰማል፤ አባቱን እራት ቀርቧል እያለ ይጠራል።

የምለው ሲጠፋኝ የቶሬስን ነገር አነሳሁ። «ያን ኮርነር ያስገኘው ቶሬስ መሆኑን ታውቅ ነበር?»

«እንዴት አውቃለሁ?» አለኝ። «ጎሉን በኋላ አይቼዋለሁ። ከኮርነሩ በፊት ያለውን ግን ቆርጠው ነው የሚያሳዩት። እኔ ደግሞ ውጭ ነበርኩ።»