ነፋስን የተካፈልንበት ጉዞ

ሰው አገርን የሚያይበት መንገድ ልዩ ልዩ ነው። በአውሮፕላን የሚሄድ ሰው ተራራውንና ወንዙን እንደ ካርታ ከላይ ያያል፤ በመኪና የሚሄደው መንደሩ ሁሉ በመስኮቱ በኩል ሲሸሽ ይመለከታል፤ በእግሩ የሚጓዘው ደግሞ የመንገዱን ድንጋይ አንድ በአንድ ያውቃል፤ ነገር ግን በአንድ ቀን ብዙ ርቀት መሄድ አይችልም። ብስክሌት በእነዚህ መካከል ያለ መጓጓዣ ነው። ነጂው የሣሩን ሽታ ለማሽተት፣ የወፉን ድምፅ ለመስማትና መንገደኛውን ሰላም ለማለት ጊዜ ያገኛል፤ እንዲያም ሆኖ ማታ ከተነሣበት ስፍራ 60 ወይም 70 ኪሎ ሜትር ርቆ ያድራል። ከዚህም በላይ፣ ብስክሌት ብዙ ሰዎች ሆነው ሲጓዙበት ስለ አገር ብቻ ሳይሆን ስለ ሰውም ያስተምራል።

ይህን እንድል ያደረገኝ በ2015 ዓ.ም. በሐምሌ ወር በአሜሪካ፣ በኦሪገን ክፍለ ግዛት፣ የፓሲፊክ ውቅያኖስን ዳርቻ ተከትለን ያደረግነው የ10 ቀን ጉዞ ነው። ተጓዦቹ ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 17 የሆነ 10 ወጣቶችና 3 ጎልማሶች ነበርን። ከወጣቶቹ ሁሉ ታናሿ ፖርትላንድ ከተማ ተወልዳ ያደገች የእኅቴ ልጅ ናት። ወላጆቿ «ዘመድ አብሯት ካልሄደ አንፈቅድም» ስላሉ፣ በዚያው ከተማ የምኖረው እኔ አጎቷ ከጎልማሶቹ አንዱ ሆንሁ። የጉዞው መሪ ግን ይህን መንገድ ቀደም ሲል ደጋግማ የተጓዘችበት አንዲት መምህርት ነበረች።

መንገዱ ቁጥር 101 የሚባለው አውራ ጎዳና ነው። በሰሜን ታላቁ የኮሎምቢያ ወንዝ ከውቅያኖሱ ጋር ከሚገናኝበት ከአስቶሪያ ከተማ ይነሣና በደቡብ እስከ ካሊፎርኒያ ወሰን ድረስ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል። በዚህ ጎዳና የሚጓዙ ብስክሌተኞች አብዛኞቹ ከሰሜን ወደ ደቡብ እንጂ ከደቡብ ወደ ሰሜን አይሄዱም። ምክንያቱም በበጋቸው ወራት ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ ስለሚነፍስ ተጓዡን ከኋላው ይገፋዋል። ይኸው ነፋስ የላይኛውን የባሕር ውኃ ከዳርቻው ያርቀዋል፤ በምትኩም ከጥልቁ ቀዝቃዛ ውኃ ይወጣል። ስለዚህ በሐምሌ ወር እንኳ ባሕሩ እጅግ ይቀዘቅዛል፤ ማለዳም ዳርቻው በጉም ተሸፍኖ ይታያል።

የአገሩ ሕግም ለእንዲህ ያለ ጉዞ የተመቸ ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 ኦስዋልድ ዌስት የተባለው የክፍለ ግዛቱ አስተዳዳሪ ማዕበል የሚያርሰው አሸዋ የሕዝብ መንገድ እንዲሆን አስወሰነ። በ1967 ደግሞ ደረቁን አሸዋም ሕዝብ እንዲጠቀምበት የሚፈቅድ ሕግ ወጣ። በ1971 የወጣው ሌላ ሕግ ከመንገድ ሥራ ገንዘብ ቢያንስ ከመቶ አንዱ ለእግረኛና ለብስክሌት መንገድ እንዲውል ያዝዛል። በመንግሥት መናፈሻዎች ውስጥ በእግርና በብስክሌት ለሚመጡ እንግዶች ብቻ የተለየ የድንኳን መትከያ ስፍራ አለ። እኛም ሌሊቱን የምናሳልፈው በእነዚህ ስፍራዎች ነበር።

እያንዳንዱ ሰው ድንኳኑን፣ መኝታውን፣ ልብሱን፣ መለዋወጫ የውስጥ ጎማና መንፊያ በራሱ ብስክሌት ላይ ጭኗል። የሚከተለን መኪና አልነበረም። ሕጋችን ጥቂት ነበር፤ ይኸውም የራስ ቁር ሳያደርጉ አለመንዳት፣ በአንድ መስመር ተከታትሎ መሄድና ፊተኛው ያየውን አደጋ ለኋለኛው መናገር ነው። ፊተኛው «ጠጠር!» ሲል ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ እየተቀባበለ እስከ መጨረሻው ሰው ይደርሳል፤ የመጨረሻው ሰው «ከባድ መኪና!» ሲልም እንዲሁ ወደ ፊት ይተላለፋል።

በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ያየነው ሁሉ አዲስ ነበር። ሲሳይድ በምትባለው ከተማ እ.ኤ.አ. በ1806 የሉዊስና የክላርክ ተጓዦች የባሕር ውኃ እያፈሉ ጨው ያወጡበትን ስፍራ ጎበኘን። ለእኅቴ ልጅ ስለ አፋር የጨው ሜዳና በግመል ተጭኖ ስለሚወጣው አሞሌ ነገርኋት፤ ጨው በአንዱ አገር በእሳት እየተፈላ፣ በሌላው አገር እንደ ድንጋይ እየተፈለጠ መገኘቱ አስደነቃት። ከካነን ቢች ከተማ አጠገብ 72 ሜትር ከፍታ ያለው ጥቁር ቋጥኝ ከባሕሩ ዳር ብቻውን ቆሟል። ጥቂት ወረድ ብሎ አርች ኬፕ የሚባል የተራራ ውስጥ መንገድ አለ፤ ብስክሌተኛው ከመግባቱ በፊት በበሩ ያለውን ቁልፍ ሲጫን መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ለመኪና ነጂዎች በውስጡ ብስክሌተኛ መኖሩን ያስታውቃል። በዳርቻው ከተሞች ሁሉ፣ ምድር ብትናወጥና የባሕር ማዕበል ቢነሣ ሕዝቡ ወደ የትኛው ከፍታ መሸሽ እንዳለበት የሚያመለክቱ ምልክቶች ተተክለዋል። እ.ኤ.አ. በጥር 1700 በዚህ ዳርቻ የደረሰው ታላቅ የምድር መናወጥ ያስነሣው ማዕበል እስከ ጃፓን ደርሶ እንደነበር በዚያ አገር መዛግብት ተጽፎ ይገኛል።

ይሁን እንጂ መንገዱ ሜዳ ብቻ አልነበረም። ተራራው እስከ ባሕሩ ጫፍ ስለሚደርስ ጎዳናው በየጊዜው ይወጣል፣ ይወርዳል። በዳገቱ ላይ የልጆቹ ጉልበት እኩል እንዳልሆነ ታየ። ብርቱዎቹ ቀድመው ጫፍ ላይ ይደርሳሉ፤ ብስክሌታቸውን አስደግፈው ውኃ ይጠጣሉ፤ ዳቦ ይበላሉ፤ ባሕሩን እያዩ ይጫወታሉ። የእኅቴ ልጅ ግን ከሁሉ በኋላ ፊቷ በላብ ርሶ ትደርሳለች። እሷ በደረሰች ጊዜ ሌሎቹ «እንግዲህ ሁላችንም ተሟላን፤ እንሂድ» ብለው ይነሣሉ። በዚህ ዓይነት ዕረፍት የማያስፈልገው ያርፋል፤ ዕረፍት የሚያስፈልገው ግን ሳያርፍ ይውላል። ሦስተኛው ቀን ላይ ንግግሯ ቀነሰ። በአራተኛው ቀን እራቷን በቅጡ አልበላችም።

በዚያው ምሽት ኒውፖርት ከምትባለው ከተማ አጠገብ ድንኳን ተክለን ሳለን፣ ከልጆቹ ሁሉ ብርቱ የሆነው የ17 ዓመት ወጣት አንድ ሐሳብ አቀረበ። «ሁለት ቡድን እንሁን። ፈጣኖቹ ከአንድ ጎልማሳ ጋር ይቅደሙ፤ ሌሎቹ በራሳቸው እርምጃ ይምጡ፤ ማታ እንገናኛለን። በዚህ የሚጎዳ ማንም የለም» አለ። አነጋገሩ የክፋት አልነበረም፤ ከልጆቹም የተስማሙ ነበሩ። የእኅቴ ልጅ ግን አንገቷን ደፍታ፣ «መከፋፈል አያስፈልግም። የምታስዘገያችሁ እኔ ነኝ። ነገ ከዚህ በአውቶቡስ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ» አለች። ወዲያውም ወደ እኔ ዞር ብላ በአማርኛ፣ «አጎቴ፣ አብረኸኝ ትመለሳለህ አይደል?» ስትል ጠየቀችኝ።

ልቤ ተከፈለ። አንድ በኩል ድካሟን ሳይ «እሺ» ማለት ቀላል ነበረ። በሌላ በኩል ግን፣ በዚህ ሁኔታ የምትመለስ ልጅ ደካማ ነኝ የሚለውን ሐሳብ ብዙ ዓመት ይዛው እንደምትኖር ታወቀኝ። መልስ ከመስጠቴ በፊት መሪያችን አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቀች። «ዛሬ ያረፈ ማን ነው?» አለች። ልጆቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። እስከዚያች ሰዓት ዝም ብሎ የቆየ አንድ ልጅ በጣቱ እየቆጠረ፣ በየዳገቱ ጫፍ የጠበቁበትን ደቂቃ ደማመረ። ድምሩ ከአንድ ሰዓት በላይ ሆነ። ከዚያም፣ «እሷ ከፊት ብትሆንና እኛ በእሷ እርምጃ ብንሄድ ይህ ሰዓት ለሁላችንም ይተርፍልናል። ማታ የምንደርስበት ጊዜም ከዛሬው አይዘገይም» አለ። ብርቱው ወጣት ጥቂት አሰበና፣ «እንግዲያው ነገን እንሞክረው፤ ካልሆነ ግን በእኔ ሐሳብ እንሄዳለን» ሲል ተስማማ። እኔም ለእኅቴ ልጅ፣ «ነገን እንይና ማታ ትነግሪኛለሽ» አልኋት።

እዚህ ላይ ስለ ብስክሌት አንድ ነገር ማስረዳት ያስፈልጋል። በሜዳ ላይ ብስክሌተኛን ከሁሉ ይልቅ የሚያደክመው አየሩ ነው። አንድ ሰው ከፊት ሆኖ አየሩን ሲሰነጥቅ ከኋላው ተጠግቶ የሚነዳው ሰው ጉልበቱን በብዙ ይቆጥባል። በዳገት ላይ ግን እርምጃው ዝግ ያለ ስለሆነ የአየሩ ነገር ያን ያህል አይደለም፤ እዚያ የሚከብደው ሸክም ነው። ስለዚህ በማግሥቱ ድንኳኗን ሌሎቹ ተካፍለው ጫኑላት። በሜዳው ብርቱው ወጣት ነፋሱን እየከላ መራ፤ እሷ ከኋላው ተከተለች። በዳገቱ ደግሞ እሷ ከፊት ሆና እርምጃውን ወሰነች።

በዚያ ቀን የሄድንበት መንገድ ከአራተኛው ቀን ይልቅ ረጅምና አስቸጋሪ ነበር። ኬፕ ፐርፐቹዋ የሚባለውን ከባሕሩ ላይ 240 ሜትር ያህል የሚነሣ ተራራ ሥር ሥሩን ዞርነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1894 ጀምሮ ለመርከቦች የሚያበራውን የሄሴታ ሄድ የመብራት ማማ አየን። ጫፍ ላይ ቆሞ መጠበቅ የሚባል ነገር ስላልነበረ ፀሐይ ሳትጠልቅ ፍሎረንስ ከተማን አልፈን ከማደሪያችን ደረስን። የእኅቴ ልጅ እራቷን በላች። ስለ አውቶቡሱ ዳግመኛ አላነሣችም። ብርቱው ወጣት ግን ወዲያውኑ ደስ አለው ለማለት አይቻልም። እግሩ መሮጥ እየፈለገ መግታት ለእሱ ከዳገት የበለጠ ከባድ ነበር፤ ወደ ኋላ እየዞረ ሲመለከት ትዕግሥቱ ሲያልቅና ሲመለስ በፊቱ ላይ ይነበብ ነበር።

ከፍሎረንስ እስከ ኩስ ቤይ ድረስ 65 ኪሎ ሜትር ያህል በባሕሩ ዳር የአሸዋ ኮረብታዎች ተደርድረዋል። በሰባተኛው ቀን በዚህ ስንጓዝ፣ እስከዚያ ድረስ ወዳጃችን የነበረው ነፋስ ዞረብን። ከደቡብ በኩል ዝናም ቀላቅሎ በፊታችን መጣ። ብርቱው ወጣት ከፊት ሆኖ ጥቂት እንደ ታገለ ትንፋሹ አጠረ። «ለብቻው የሮጠ የቀደመ ይመስለዋል» እንደሚባለው፣ ያለ ሌሎች እርዳታ ጉልበት ምን ያህል ሩቅ እንደማይወስድ ያን ጊዜ ተገለጠ። መሪያችን ተራ እንድንገባ አዘዘች። አንዱ ለሁለት ደቂቃ ከፊት ሆኖ ነፋሱን ይቀበላል፤ ከዚያም ጎን ብሎ ሌላውን ያሳልፍና ከመጨረሻ ይሰለፋል። በዚህ ዓይነት ሁሉም በየተራው ይደክማል፤ ሁሉም በየተራው ያርፋል።

ልጆቹ የእኅቴን ልጅ ተራ ሊያሳልፏት ፈልገው ነበር። እሷ ግን፣ «እኔም ተራዬን ልውሰድ» አለች። ብርቱው ወጣት ዞሮ አያትና፣ «30 እስክቆጥር ድረስ» አላት። ከኋላዋ ሆኖ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቆጠረላት። በሁለተኛው ተራዋ 60 ቆጠረ። ከዚያ በኋላ መቁጠሩን ተወው፤ እሷም እንደ ሌሎቹ ሁለት ደቂቃዋን ሞልታ ጎን ትል ጀመር።

ከቀትር በኋላ ከኩስ ቤይ ድልድይ ደረስን። ርዝመቱ ከ1,600 ሜትር በላይ ነው። ኮንድ ማኩላ የተባለው መሐንዲስ በዚህ ዳርቻ ካሠራቸውና እ.ኤ.አ. በ1936 ከተከፈቱት አምስት ታላላቅ ድልድዮች አንዱ ሲሆን፣ መሐንዲሱ ካረፈ በኋላ በስሙ ተሰይሟል። እነዚህ ድልድዮች ከመሠራታቸው በፊት መንገደኛው የሚሻገረው በጀልባ ነበር። የመኪናው መንገድ ጠባብ፣ ነፋሱም ብርቱ ስለ ነበረ ከብስክሌታችን ወርደን በእግረኛው መተላለፊያ እየገፋን ተሻገርን። ከወዲያ ማዶ ስንደርስ ብርቱው ወጣት አንድም ቃል ሳይናገር መንፊያውን አውጥቶ የለሰለሰውን የእኅቴን ልጅ ጎማ ነፋላት።

የቀሩት ሦስት ቀኖች በሰላም አለፉ። በመጨረሻው ቀን በኦሪገን ከሁሉ ከፍ ያለውን፣ ከሸለቆው 105 ሜትር የሚነሣውን የቶማስ ክሪክ ድልድይ ተሻግረን ከብሩኪንግስ ከተማ ደረስን። ሁለት ቡድን የመሆን ሐሳብ ያቀረበ አልነበረም።

እናንት ተማሪዎች ይህን የምታነቡ ሁሉ በውቅያኖስ ዳርቻ የመጓዝ ዕድል ላይኖራችሁ ይችላል። አገራችን የባሕር በር ባይኖራትም የሐይቅ ዳርቻ ግን አላት፤ ባሕር ዳርን ለመሰለች ከተማም ብስክሌት የዕለት ተዕለት መጓጓዣ ነው። ነገሩ ግን ስለ ብስክሌት ብቻ አይደለም። በክፍል ውስጥ በቡድን ስትሠሩ፣ ቶሎ የገባው ተማሪ ደብተሩን ዘግቶ ሲጠብቅ፣ ያልገባው ደግሞ ሳያርፍ ወደሚቀጥለው ትምህርት ሲገፋ አይታችሁ ይሆናል። ብርታት ጥሩ ነገር ነው፤ ሊደበቅም ሊታፈርበትም አይገባም። ነገር ግን የብርቱ ሰው ተገቢ ስፍራው ነፋስ በሚበረታበት በፊት በኩል ነው፤ ደካማውም ቢሆን ሁልጊዜ ተከልሎ መኖር የለበትም፤ ለ30 ቁጥር ያህል እንኳ ተራውን ሊያገኝ ይገባል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ በእግሩ እስኪሄድ ድረስ ግን የሚያሞቀው ያስፈልገዋል።